ጥሩ እንቅልፍ ማቀፍ ይፈልጋል

ይህ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። ምንም አልተጨመረበትም፤ የተቀነሰ ካለም ለሰሚው ጤና ሲባል ነው። ባለታሪኩ ራሱ በአማቱ፣ በሚስቱና በሚስቱ ወንድም ፊት ቁራሽ ዳቦ በእጁ ይዞ ምሎበታል። "አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ይቺ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ትቁም" አለና ጎረሳት፤ ዳቦዋም እንደ ውሃ ወረደች። ከዚህ ወዲያ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው የገዛ ጥላውንም የማያምን ነውና ለእንዲህ ያለው ማውራት ውሃ መውቀጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ሰውየው ፊቱን በሳሙና አረፋ ለቅልቆ፣ ቀኝ ጉንጩን ተላጭቶ፣ ወደ ግራው ሊሻገር ምላጩን ሲያነሳ ከሳሎን ድምፅ ሰማ። መታጠቢያ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ችፑድ ነው፤ ያውም ሳል ይቅርና ሐሳብ የሚያሳልፍ ችፑድ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ወደ ሥራው ሲያልፍ ጎራ ብሏል። ይህ ወንድም የአንድ ትልቅ የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ጠዋት የሚከፍተው እሱ፣ ማታ የሚቆልፈው እሱ፣ የቁልፉ ዘለላ ወገቡ ላይ እየተንቃጨለ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ። ቤተሰቡ "ወንድምጋሼ" ይለዋል። ሰውየው ፊት ለፊት እንደዚያው ወንድምጋሼ ይለዋል፤ በልቡ ግን ጋሽ መጋዘን ነው።

"እህቴ" ይል ነበር ጋሽ መጋዘን፣ "ዝም ስል ደግ እየመሰለሽ ነው። ሰው ሙሉ ቀን ሠርቶ በማይጠግብበት ዘመን ይኼ ሰውሽ ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ሆኖ የሚኖረው እስከ መቼ ነው? ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ግማሽ ሥራ ፈት። እኔ ጋ ጆንያ የሚቆጥር ሰው ቦታ ተከፍቷል። ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜን ጨምሮ። ማታ መጥቼ መልሱን እወስዳለሁ። ዛሬ ካልሆነ ነገ የሰው ነው።"

ሰውየው ምላጩን አየር ላይ አቁሞ የሚስቱን መልስ ጠበቀ። "ኧረ ወንድምጋሼ፣ ባሌማ ትልቅ ሰው ነው" የሚል ነገር ጠበቀ። ቢያንስ "ተው እንጂ" የሚል። የመጣው ግን የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሚስቱ ሻዩዋን ታማስላለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሷ ግን ታማስላለች። እንደዚያ ያለ ረጅም ማማሰል በዓለም ላይ ተደርጎ አያውቅም፤ በዚያ ማማሰል ሲሚንቶ ይቦካ ነበር። ሰውየው መስታወቱን ቀና ብሎ ሲያይ አንድ ጉንጩ ልጩ፣ ሌላው ነጭ አረፋ የለበሰ ጎፈሬ ሆኖ አገኘው። ጋሽ መጋዘን በችፑዱ አሾልቆ ያየው መሰለውና ቀሪውን ጉንጩን በችኮላ ጠርጎ ሁለት ቦታ ቆረጠው።

ከዚያ የአማቱ ድምፅ መጣ። አሮጊቷ ከቤቱ ጥግ ካለች ወንበራቸው አይነሱም፤ ጆሯቸው ከሚባለው ግማሹን ይሰማል፣ ቀሪውን ራሳቸው ይሞሉታል። "እኔን የገረመኝስ" አሉ፣ "ይኼ አማቼ ጠዋት ማታ ማቀፍ ማቀፍ የሚለው ነገር ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንን ነው የሚያቅፈው? እሷስ ዝም ብላ ታያለች?"

"ማቀፍ አይደለም እማዬ፣ ማዕቀፍ ነው" አለች ሚስቱ። ወንድሟ እስኪወጣ ድረስ የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ማዕቀፍ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መንገር ይገባል። ሰውየው የአንድ ትራስ ፋብሪካ የማርኬቲንግ ኃላፊ ነው፤ የግማሽ ቀን ኃላፊ። ጠዋት ይገባል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ትቀመጣለች። በዚያች ግማሽ ቀን የሚሠራውን ሌላው በዓመት አይሠራውም፤ ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ሰው ሊለው ይችል ነበር። ምስጢሩ ማዕቀፉ ነው። አንድ ጊዜ በሄደበት ሥልጠና ላይ የተማረው ነው፤ አሠልጣኙ ሲያስተምር ሌሎቹ አንቀላፍተው እሱ ብቻ ነቅቶ ስለነበር ሥልጠናው ለሱ ብቻ የተሰጠ ያህል ነበር። ትልቅ ወረቀት ላይ አምስት ክፍል ያለው ቤት ይሥላል። መጀመሪያው ክፍል ላይ "ለማን?" ይላል። ሁለተኛው ላይ "ምን ቸገረው?" ሦስተኛው ላይ "ምን እንስጠው?" አራተኛው ላይ "የት ያግኘን?" አምስተኛው ላይ "መሳካቱን በምን እናውቃለን?" የፊተኛው ክፍል ሳይሞላ ወደ ኋለኛው መግባት የለም፤ በመስኮት መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ጠዋቱን ቢያባክን ከሰዓት በኋላ ሊያሳድደው ይችላል። ግማሽ ቀን ያለው ሰው ግን የሚያባክነው የለውምና ስብሰባውንም፣ ስልኩንም፣ ሐሜቱንም በአምስቱ ጥያቄ እንደ ዱቄት ይነፋል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ይጥላል፣ የወረደውን ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ስለገባው ቤቱንም በማዕቀፍ ያስተዳድር ጀመር። መጋረጃ ሲገዛ "ለማን?" ብሎ ስለጠየቀ ሚስቱ ሳትመልስለት መጋረጃው ዓመት ዘገየ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብም ወረቀት አወጣ። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ለማን እንደሚያንጠባጥብ ግን ታውቋል።

በፋብሪካው ግን ማዕቀፉ ቀልድ አልነበረም። ፋብሪካውን የሚያስተዳድሩት ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን የቀሩ ሴትዮ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል። ጥቁር ሻርፕ ይለብሳሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ፣ የሚናገሩትም ሁለት ጊዜ አይነገርም። አዲስ የመጣው የመቁረጫ ማሽን ልኩ ተሳስቶ ጨርቁን ሁሉ በሰው ቁመት ስለቆረጠው፣ የሰው ቁመት ያለው ትራስ ተሰፍቶ መጋዘኑን እስከ ጣሪያው ሞልቶታል። ሰፊዎቹ ስሙን "የማያንኮራፋው ባል" ብለውታል። "የኔን በሱ ለውጡልኝ" ይላሉ፣ "ወጪም የለው፣ አፍም የለው።" ነጋዴ መጥቶ አየው፤ ሳቀና ሄደ። እትዬ የግማሽ ቀን ኃላፊውን ጠሩትና "ይኼን ከሸጥክ ትቆያለህ፤ ካልሸጥክ እኔም ለትራስ እንጂ ለወሬ የምከፍለው የለኝም" አሉት።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን በዚያኑ ቀን ዋጋ ቀንሶ፣ በየሱቁ በትኖ፣ ጥሩምባ አስነፍቶ ነበር። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት እየገባ "ለማን?" የሚለው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤ መጣ፤ ይጠብቅ። የቀን መቁጠሪያ ይታተም አሉት፤ ለማን? ይጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ሰውን "እንቅልፍ እንዴት ነው?" እያለ ይጠይቅ ነበር። በከተማው ያልጠየቀው ሰው የለም፤ ያልጠየቀው ቢኖር የተኛ ሰው ነው። በመጨረሻም አንድ ጠዋት ቤተሰቡ ሩቅ አገር የሆነ ዘበኛ፣ አንዲት ልጆቿን የዳረች እናትና አንድ የረጅም መንገድ ሾፌር የነገሩትን አንድ ላይ ሲያኖረው ቤቱ ተከፈተለት። ለማን? ብቻውን ለሚተኛ ሰው። ምን ቸገረው? እዚህ ላይ የጻፈው ነገር፣ ራሱም ጽፎ ራሱ ያየው፣ እንዲህ ይላል፦ "እጁን የሚያሳርፍበት የለውም።" ምን እንስጠው? ያው ረጅሙን ትራስ። የት ያግኘን? አደባባዩ ፊት ባለው የፋብሪካው ሱቅ ጣሪያ ላይ በሚሰቀል ትልቅ ታፔላ። አምስተኛው ክፍል ብቻ ባዶ ቀረ። በሽያጭ እናውቃለን ብሎ ሊጽፍ አሰበና እጁ እምቢ አለው፤ ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ክፍሉን ክፍቱን ተወው።

ታፔላው ላይ የሚጻፈውን ለታፔላ ሠሪው በስልክ ነገረው። ምሳ ሰዓት ደርሶ፣ ግማሽ ቀኑ አልቆ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነው የነገረው። ታፔላው የሚሰቀለው ሌሊቱን ነበር፤ የሚያየው ነገ ጠዋት። ነገ ጠዋት የተባለው ቀን እንግዲህ ይህ ቀን ነው፦ የማንኪያው፣ የግማሽ ልጩው።

ከቤቱ ሲወጣ ጉንጩ ላይ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ደሙ ላይ ለጥፎ፣ ማዕቀፉን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ነበር። ሚስቱ በሩ ላይ "ደህና ዋል" አለችው፤ አላየችውም። አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ ሄደ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ወገን ተደፋ፤ አውቶቡሱ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። በሱቁ ጣሪያ ላይ፣ ቁመቱ አንድ ሰው በሚያህል ቀይ ፊደል፣ ከደመናው በታች ከፀሐዩ በላይ፣ "ጥሩ እንቅልፍ ማቀፍ ይፈልጋል" ይላል። ከጎኑ ረጅሙን ትራስ አቅፎ የተኛ ሰው ተሥሏል።

"እኔ የማቅፈው ሰው እኮ ነው እንቅልፍ የነሳኝ" አለች አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት። "ለእሱስ ታፔላ አልጻፉለትም?"

"እስቲ አድራሻውን ጻፉልኝ" አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። "ማቀፉን ነው፣ ትራሱን አይደለም።"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጠ። ሾፌሩም አደባባዩን ሁለቴ ዞረው ይባላል። የግማሽ ቀን ኃላፊው የላይኛውን ብረት በሁለት እጁ ያዘ፤ ከኩራት ብዛት ነው። ላብም አጠመቀው፤ ትልልቅ ሰዎች ሥራቸው ሲሳካ እንዲህ ያልባቸዋል። በስልክ ያዘዘው ቃል እንዲህ ፊደል ሳይጎድል፣ ነጥብ ሳይዛነፍ ሲወጣ ማን ሰው ነው የማያልበው?

ሱቁ ፊት እትዬ ቆመዋል። ጥቁሩን ሻርፕ አገጫቸው ድረስ ስበውታል። ከጎናቸው ታፔላ ሠሪው መሰላሉን ተደግፎ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ራሱ መሰላል የሚመስል ሰው ነው። እትዬ ወደ ጣሪያው ጠቁመው "ይኼ ምንድን ነው?" አሉ።

እዚህ ላይ የሆነውን የሚያምን ይመን፣ የማያምን ዳቦውን ያስታውስ። ኃላፊው በመጀመሪያ ኮቱን አስተካከለ። ከዚያ ማዕቀፉን ከብብቱ ሥር አውጥቶ መኪናቸው ኮፈን ላይ ዘረጋው፤ ወረቀቱ ሲዘረጋ የሰንደቅ ያህል ድምፅ ሰጠ። "እትዬ" አለ፣ "እርስዎ ትራስ ይሠራሉ፤ እኔ እንቅልፍ እሠራለሁ።" ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ መጻፍ ወረቀት ይጨርሳል። ከክፍል ወደ ክፍል እየመራ አስገባቸው። ለማን እንደሆነና ምን እንደቸገረው ሲነግራቸው ሻርፓቸውን ላላ አደረጉት። ድምፁ እንደ ደወል ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ አዳመጠ፤ መኪና ሁሉ በየቆመበት ቆመ፤ ፎቅ ላይ መስኮት የሚጠርጉ ሰዎች ስፖንጃቸውን ይዘው ወደ ታች ዘንበል አሉ። አንዲት እርግብ እንኳ ታፔላው ጫፍ ላይ አርፋ እስኪጨርስ አልተነሳችም ይላሉ።

ንግግሩ ሳያልቅ ወረፋ ተጀመረ። መጀመሪያ ከሌሊት ተረኝነት የወጡ ነርሶች መጡ። ቀጥሎ የረጅም መንገድ ሾፌሮች፤ መኪናቸውን መንገድ መሀል ጥለው። ከዚያ ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ፣ ከዚያ የዳኛው ጎረቤቶች፣ ከዚያ ከተማው። ወረፋው ከሱቁ ተነስቶ በፋርማሲው በኩል ታጥፎ ድልድዩን ተሻገረ። ሰው ትራሱን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲሄድ ለሚያየው፣ ከተማው በሙሉ ወዳጁን ከሆስፒታል አስወጥቶ የሚሸከም ይመስል ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጋዘኑ ተጠረገ። እትዬም እንባቸውን በሻርፓቸው ጠርገው "ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ቀን ሁንልኝ፤ ቢሮም እሰጥሃለሁ፣ በር ያለው" ሲሉት፣ እሱ ምን አለ? "እትዬ፣ የኔ ግማሽ ቀን የሌላው ሰው ሳምንት ነው። ሙሉ ቀን ከሠራሁ ከተማው ትራስ ያልቅበታል።"

ከዚያ ወጣ። በአውቶቡስ አልሄደም፤ እንዲህ ያለ ድል አውቶቡስ ውስጥ አይገባም። በእግሩ ሄደ። መናፈሻው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጠ፤ ድሉ እንዲረጋለት ነው። ስልኩንም ዘጋው፤ እንኳን ደስ አለህ የሚለው ሰው ብዛት ጆሮ ያደነቁራል። በአንድ እጁ የተጠቀለለውን ማዕቀፍ፣ በሌላው እጁ ከቢሮው ይዞት የወጣውን፣ ጆሮው የተሰበረ ሰማያዊ ኩባያ ይዞ ነበር። ልጆች ኳሳቸውን እየመቱ ሁለቴ እግሩ ሥር አስገቡት፤ ሁለቴም አላየውም።

ማታ ሳሎኑ ሞላ። ሳሎኑ ሲሞላ ማለት አራት ሰው ነው፤ አራተኛው ሰው ሲቀመጥ የቁም ሣጥኑ በር አይከፈትም። ሚስቱ ሾርባ አቅርባለች፣ ዳቦ ቆርሳለች። የዳቦው ዋጋ ጨምሮ መጠኑ መቀነሱን ጋሽ መጋዘን አነሳ፤ ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጆንያው ስንት ጊዜ እንደሚቆጠር፣ ቆጣሪ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስረዳ። ከዚያ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። "እህስ፣ መልሱ ምን ሆነ?" አለ።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው ዳቦውን አንስቶ የማለው፤ ከላይ የተጻፈውንም ሁሉ የተናገረው። እርግቧን ሳይቀር። አማቱ "ማንን አቀፈ? ማንን አቀፈ?" እያሉ ተከታተሉት። ጋሽ መጋዘን መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወረፋው ድልድዩን ሲሻገር ማንኪያውን አኖረ፤ የዳኛው ጎረቤቶች ሲመጡ ቁልፎቹን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋቸው። "ስለዚህ፣ ወንድምጋሼ" አለ ሰውየው፣ "ለጆንያው ሌላ ሰው ይፈልጉለት። ስለኔ ማሰብዎን ግን አልረሳም።" ይህን ሲል አንገቱ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ጋሽ መጋዘንን ራሱን ከላይ ወደ ታች አየው።

ሚስቱ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። መደርደሪያው ላይ ከሳህኖቹ ጎን የተቀመጠውን ሰማያዊ ኩባያ ታያለች።

"ኩባያህን ለምን ይዘኸው መጣህ?" አለችው።

"ሊታጠብ ነዋ።"

"እዚያ ውሃ የለም?"

"ውሃማ ሞልቷል" አለ። "ግን የድል ቀን ኩባያ እዚያ አይታጠብም።" ሚስቱ አልሳቀችም። ሾርባዋን ማማሰል ጀመረች፤ ሰውየውም የማንኪያውን ድምፅ ሲሰማ ቀጥሎ ሊናገር የነበረውን ረሳው።

በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ስትከፍት ታፔላ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ በሩ ለቁመቱ አይበቃም። ፊቱን ታጥቧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን ቀዩ ቀለም አለቀቀውም። "ይቅርታ፣ በምግብ ሰዓት መጣሁ" አለ። "ጋሼን ለአንድ ደቂቃ ፈልጌ ነበር። ታፔላውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። "ና፣ ውጭ እናውራ፤ እዚህ ይሞቃል" አለ። ክንዱን ይዞም ሊያስወጣው ነበር። አማቱ ግን የሰው ጥላ ሲያዩ አይሳሳቱም። "እንግዳ ቆሞ አይሄድም፤ ሾርባ ስጡት" አሉ። ጋሽ መጋዘንም ተጠግቶ ቦታ ለቀቀለት። ታፔላ ሠሪው እንዳይወድቅ እንደሚፈራለት ዕቃ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እንኳን ደስ ያለዎት" አለው ጋሽ መጋዘን። "ወረፋው ድልድዩን ተሻገረ አሉ።"

"የቱ ወረፋ?" አለ ታፔላ ሠሪው።

"ለትራሱ ነዋ። ነርሶቹ፣ ዳኛው..."

ታፔላ ሠሪው ወደ ሰውየው ዞረ። ሰውየው የጣሪያውን አምፖል ያያል። ታፔላ ሠሪው ጥቂት አሰበና ሾርባውን እያየ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ በሕመምተኛ ቤት እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ወረፋ አልነበረም። ጠዋት የመጣ ገዢም የለም፤ የነበርነው እኛ ብቻ ነን። ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሼ በስልክ የነገሩኝ 'ጥሩ እንቅልፍ ማዕቀፍ ይፈልጋል' ብለው ነው። ጎረቤቴ ብረት ይቆርጣል፤ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም። ማቀፍ ብዬ ጻፍኩት። ጠዋት እትዬ ሲያዩት 'ባል የሞተብኝን ሴት በአደባባይ መሳለቂያ አደረግኸኝ' አሉኝ። በዚህ ከተማ ሁለተኛ ብሩሽ እንዳልይዝ እንደሚያደርጉም ነገሩኝ፤ ይችላሉም። እኔ እኮ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።" ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አኖረው። "ጋሼ ወረቀት አልዘረጉም። ብዙም አልተናገሩም። 'ቃሉ የኔ ነው፤ እሱ ያዘዝኩትን ነው የጻፈው' አሉ። አጠገባቸው ስለነበርኩ እንጂ ድምፃቸው እንኳ ብዙ አይሰማም ነበር። እትዬም 'እንግዲያው ዕቃህን ይዘህ ውጣ' አሏቸው። ኩባያቸውን ይዘው ወጡ።"

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ያንጠባጥባል።

"ከሰዓት በኋላ ታፔላውን ቀለም ቀብቼ እንዳጠፋው ታዝዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ" አለ ታፔላ ሠሪው። "ሠራተኛው ከወጣ በኋላ እትዬ ከመጋዘኑ ብቻቸውን ሲወጡ አየሁ። አንዱን ረጅም ትራስ አቅፈውታል። በመኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ አልተኛ አላቸው፤ ስለዚህ ከፊት ከጎናቸው አስቀመጡት። ቀበቶም አሰሩለት። ከዚያ ቀና ሲሉ መሰላሉ ላይ አዩኝ። እኔ ያላየሁ መሰልኩ። 'ተወው' አሉኝ፤ 'እንዳለ ይቆይ። ለዚያ ለግማሽ ቀኑ ሰውዬም ንገረው፤ ነገ ጠዋት ይግባ።' ስልክዎን ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ጋሼ፤ ዝግ ነው። ለዚያ ነው የመጣሁት።"

አማቱ "ምን አለ? ምን አለ?" አሉ። ሚስቱ ተነሳች። ከመደርደሪያው ላይ ኩባያውን አወረደች፣ ደረቅ ቢሆንም በጨርቅ ደግማ አደረቀችው፣ በር አጠገብ የተሰቀለውን የባሏን ቦርሳ ከፍታ አስገባችው፣ ዚፑን ዘጋችው። ስትመለስ በፊት ከተቀመጠችበት አልተቀመጠችም፤ ወንበሯን ስባ ከጎኑ አደረገችው።

ጋሽ መጋዘን ቁልፎቹን በመዳፉ ጨብጦ እንዳይንቃጨሉ ያዛቸው። "አንተ" አለው ሰውየውን፣ "ይኼ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው?"

ሰውየው ፊቱ ያለውን ዳቦ አየ፤ አላነሳውም። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሰውየው ጥሩ ሰው ነው" አለ። "ግን ትንሽ ያጋንናል።"